ኦቲያ ልጁን ከማንሳቱ በፊት

ማክቫላ ሰሞኑን መቀመጥ አልሆነላትም። ስትቀመጥ ወንበሩ ይጎረብጣታል፣ ስትነሳ ደግሞ ምን ፍለጋ እንደተነሳች ይጠፋታል። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባልዲውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። የወንድሟ ሚስት ኢርማ፣ «ይቺ ልጅ ትብሊሲ ሳትደርስ ቤታችንን አፍርሳው ትሄዳለች» እያለች ትስቅባታለች። ቤተሰቡ የሚያውቀው ምክንያት አንድ ነው፤ ሰኞ ፈተና አለባት። ሌላው ምክንያት የዳቦ ማከፋፈያ መኪና እየነዳ በየቀኑ አመሻሹ ላይ ይመጣና በረንዳው ላይ ከፊት ለፊቷ ይቆማል፤ ስሙም ኦቲያ ነው።

በዋና ከተማው በትብሊሲ ያለው ኮሌጅ፣ በአገር ዘፈን ክፍሉ፣ ብቻውን የሚመጣ ተፈታኝ አይቀበልም። የእነማክቫላ አገር የጉሪያ ዘፈን በሦስት ድምፅ የሚዘፈን ነውና ተፈታኙ የቀሩትን ሁለት ድምፆች ከአገሩ ይዞ ይቀርባል። ዳኞቹ የሚመዝኑት መሪውን ነው። ይሁን እንጂ ከላይና ከታች የሚይዘው ያጣ መሪ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጮህ ሰው ማለት ነው። የማክቫላ ቀጭን ድምፅ ወንድሟ ጎቻ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ የጎቻ የልጅነት ጓደኛ ኦቲያ።

ሦስቱ ሲዘፍኑ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ አንዱ የአንዱን አፍ እያየ ነው። እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚዘፈነው፤ ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው ዘፈን ያበላሻል። እንግዲህ ማክቫላና ኦቲያ አባቷ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ልባቸው እስኪጠፋ ሲተያዩ አንድ ሰው እንኳ ክፉ ያልጠረጠረው በዚህ የተነሳ ነው። ሌላው ወጣት በአጥር ቀዳዳ የሚሰርቀውን እነሱ «ጎበዝ፣ እንዲያ ነው» እየተባሉ በአደባባይ ይወስዱት ነበር።

በመጋቢት ኦቲያ፣ «ለአባትሽ ልናገር» ብሏት ነበር። አፉን በእጇ ከደነችው። አባቷ ቫርላም ትብሊሲ የሚባል ስም ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። እህቱ ለትምህርት ብላ ሄዳ፣ ለማንም ሳትናገር ባል አግብታ ቀርታለች። ማክቫላን የፈቀደላትም ብዙ ከለመነችው በኋላ ነው። «መቼም ጎቻና ኦቲያ አብረውሽ ናቸው። ሁለት ወንድም ያላት ልጅ ምን ትሆናለች?» ነበር ያለው። ስለዚህ ኦቲያን፣ «ፈተናው እስኪያልፍ ትንፍሽ እንዳትል፤ ማልልኝ» አለችው። ማለላት። ያን ቀን ይህ መሐላ ጣፋጭ ነበር፤ የሁለት ሰው ምሥጢር መቼም ሲጀመር ይጣፍጣል።

ሐሙስ ማታ ከልምምድ በኋላ ቤተሰቡ ከኦቲያ ጋር ገበታ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ጎቻ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ።

«ዝም በሉ፤ የምለው አለኝ።»

«የምትለው ያልነበረህ ቀን መቼ ነው?» አለችው ኢርማ፣ ሕፃን ልጇን እያወዛወዘች።

«ዛሬ ቀልድ የለም።» ጎቻ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኖቹ ገና ሳይናገር እንባ አቅርረው ነበር፤ ጎቻ ሲስቅም ሲያለቅስም ሰው አያፍርም። «እሑድ ልጄ ክርስትና ይነሳል። እኔና ይሄ ሰውዬ ወንዝ ዳር ሱሪያችንን አውልቀን ዓሣ ስናባርር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የተባባልነው ነገር አለ። የበኩር ልጄን አንተ ታነሳለህ፣ የበኩር ልጅህን እኔ አነሳለሁ ተባብለናል። ይኸው ልጁ መጣ። ከእሑድ ጀምሮ ይሄ በሬ አበልጄ ነው። የዚህ ቤት ሥጋ ነው።»

«ድሮስ የማን ነበር?» አለ ቫርላም፣ ፊቱ በርቶ። «አሁን ደግሞ በእግዜር ፊት ይጽናልን።»

ማክቫላ የበቆሎ ቂጣ ልትቆርስ የዘረጋችው እጅ ገበታው ላይ ቀረ። ክርስትና ያነሳ ሰው ለዚያ ቤት ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። አበልጅ ወንድም ነው፤ እንዲያውም ከወንድም ይጠብቃል። የአበልጁን እህት በሌላ ዓይን ያየ ሰው በዚያ አገር ዳግመኛ የሚያስገባው በር የለም። ቄስ አይባርከውም፣ ጎረቤት ሰላም አይለውም፣ እናቱም ብትሆን አትገላግለውም።

ኦቲያ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። ለእንዲህ ያለ ጽዋ የጨለጠ ተቀብሏል፣ ያስቀመጠ ሰድቧል፤ መሐል የሚባል ነገር የለውም። ፊቱ ዱቄት መስሏል። ቤቱን ሁሉ አልፎ ማክቫላን አያት። እሷ ፊቷ ምን እንደሚመስል ታውቃለችና አባቷ እንዳያይባት ብላ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ብርጭቆው ባዶ ነበር። ጎቻም ጓደኛውን አንቆ ይስመው ነበር። ጠጣው ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ ያንን ጊዜ ከወንበሯ ተነስታ መጮህ አማራት። አልጮኸችም። ሳህን ሰበሰበች።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ ኦቲያ እንደዚያን ቀን አድርጎ ዘፍኖ አያውቅም። ድምፁ ከወለሉ ሥር የሚወጣ ይመስላል፤ የሚናወጥ ነገር የለበትም፣ የተዘረጋ፣ የረጋ። ዓይኖቹ ግን ከእሷ አገጭ ወደ ላይ አልወጡም።

«በመጨረሻ ሰው ሆንክ» አለው ጎቻ፣ ጀርባውን እየመታ። «አበልጅነት ድምፅ ያወፍራል እንዴ?»

ቫርላም በረንዳው ጥግ ላይ ሆኖ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። ማክቫላ ብቻ ውስጧ ተቃጠለ። ልቡ የተሰበረ ሰው እንዲህ አይዘፍንም ብላ አሰበች። ቀሎታል፣ ወንድምነቱ ተስማምቶታል። ያን ምሽት መሪነቷን ሦስት ጊዜ ሳተች፤ ጎቻም፣ «ወፍራሙ ድምፅ ሲስተካከል ደግሞ አንቺ ልትበላሺብን ነው?» ብሎ ተቆጣት።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ወርዳ ጠበቀችው። የዳቦ መኪናዋ በለውዝ ዛፎቹ መሐል ዞራ ስትመጣ መሐል መንገድ ላይ ቆመች።

«መሞት አማረሽ?» አለ ኦቲያ መስኮቱን አውርዶ።

«ውረድ።»

«ሱቆቹ ዳቦ እየጠበቁ ነው።»

«ይጠብቁ። ውረድ አልኩህ።»

ወረደ። ሞተሩን ግን አላጠፋውም። ዝናብ ያረፈበት ቅጠል ይንጠባጠብባቸዋል።

«ጠጣኸው» አለች።

«ጠጣሁት።»

«በቃ? ሌላ ቃል የለህም?»

«ምን ልበል? ቤት ሙሉ ሰው እያለ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። ፊትሽን አዞርሽ። እሺ፣ ፈተናዋን መረጠች አልኩና ጠጣሁ።»

«እኔ ያዞርኩት እንዳያውቁብኝ ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ? ትንፍሽ እንዳትል ብለሽ ያስማልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«አትናገር አልኩህ እንጂ ወንድሜ ሁን አልኩህ?»

ኦቲያ ሳቅ የመሰለ ነገር ሞከረና ተወው። «ማኮ፣ እስኪ አንቺ ንገሪኝ። ጎቻን ያለ ምክንያት እምቢ ብለው፣ እንኳን ትብሊሲ ደጅ ድረስም አብሮኝ አይሄድም። ምክንያቱን ብነግረው አባትሽ ይሰማል፣ አንቺንም ቤት ይዘጋብሻል። በየትኛውም በኩል ፈተናሽ ይቀራል። ሌላ መንገድ ካለ አሳዪኝና ልሂድበት።»

አልነበራትም። የሌላት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ትናንት ግን እንዴት እንደዚያ ዘፈንክ?» አለች፣ ድምጿ እየተቆረጠ። «አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጥክም። እኔ እየሞትኩ፣ አንተ እንደ ሠርግ ቤት ዘፋኝ።»

«እኔ ከተንቀጠቀጥኩ አንቺ ትወድቂያለሽ» አለ ኦቲያ ቀስ ብሎ። «የታችኛው ድምፅ ሥራው ያ ነው። ከእሑድ በኋላ ሌላ የምሰጥሽ ነገር አይኖረኝም። ስለዚህ ይህንን አንዱን አሳምሬ ልስጥሽ አልኩ።»

ማክቫላ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ከትናንት ጀምሮ በጥላቻ ስታብላላው የነበረው ያ የረጋ ድምፅ፣ ለካ እሷን እንዳትወድቅ የያዛት እጅ ኖሯል። አለመረዳቷ አሳፈራት፤ እሱንም ከዚያ በፊት ወድዳው በማታውቀው ዓይነት ወደደችው።

«ቃሌን መልሺልኝ» አላት። «ተናገር በይኝና አሁኑኑ መኪናዋን አዙሬ አባትሽ ጋ እሄዳለሁ። አንድ ቃል ነው።»

አፏን ከፈተች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ያ አዳራሽ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ በየሌሊቱ ስትለማመድ ላንቃዋ የደረቀው፣ አባቷን ስትለምን የከረመችው ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለች።

«ማኮ፣ እሑድ እኮ ነገ ነው።»

አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። መኪናዋ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ በኋላ ማክቫላ እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ራሷን ረገመች፤ ፈሪነቷ እንደ መራራ መድኃኒት ምላሷ ላይ ነበር።

እሑድ ዝናብ ዘነበ። ኮረብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ጠባብ ስለሆነች ዘመድ ሁሉ ተጨናንቆ ቆመ፤ እርጥብ ካፖርትና ሻማ አንድ ላይ ይሸታል። የኢርማ አጎት ጁምበርም ከሩቅ መጥቶ ነበር። ጁምበር እግዜርን የሚያስታውሰው አሳማ በተጠበሰ ቁጥር ነው እየተባለ ይታማል፤ ዛሬም ዓይኑ በር በሩን ነው። ቄሱ ሌላ መንደር ቀብር ስለነበረባቸው ተጣድፈዋል። ጸሎቱን ጨርሰው ቀና አሉ።

«የሚያነሳው ማነው? ይቅረብ።»

ኦቲያ ከሰው መሐል ወጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገቱ ስለጠበበው ቀላ ብሏል። ኢርማ ሕፃኑን ልትሰጠው ዘረጋች። እሱም ሁለት እጁን ዘረጋ። ወደ ማክቫላ አላየም፤ ዛሬ ጨርሶ እንደማያይ ገባት። እንዳይከብዳት ብሎ ነው። የዕድሜ ልክ ወንድሟ ሊሆን ሲል እንኳ ስለ እሷ ነበር የሚጨነቀው። በእጆቹና በሕፃኑ መሐል አንድ ስንዝር ሲቀር፣ ቅዳሜ ጉሮሮዋ ላይ የቆመው ነገር ለቀቃት።

«እንዳይነካው» አለች።

ሁሉም ዞረ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አለ ቫርላም።

«ኦቲያ ይህን ልጅ ማንሳት አይችልም።»

«ለምን?» አሉ ቄሱ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «እሱ ራሱ አልተጠመቀም?»

«ተጠምቋል አባታችን።» ማክቫላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበች። «እኔ ላገባው እፈልጋለሁ። ልጁን ካነሳ ማግባት አልችልም።»

ኦቲያ እጆቹን እንደዘረጋ ቀርቷል። ቀስ ብሎ ዞረና አያት። ያ አስተያየት በረንዳ ላይ የሚተያዩት ዓይነት አልነበረም፤ መደበቂያ ዘፈን አልነበረውም። ማክቫላ አሁን ሁሉ ነገር ቢጠፋም እንኳ ይህን አይቻለሁ አለች በልቧ።

«እውነት ነው?» አለው ጎቻ፣ ኦቲያን።

«እውነት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጋቢት።»

«ከመጋቢት ጀምሮ» አለ ጎቻ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «በየቀኑ አፌን እያየህ።»

ሌላ አልተናገረም። ልጁን ከኢርማ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። ጎቻ የሚጮህ፣ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነው። ዝም ሲል ታይቶ ስለማይታወቅ ያ ዝምታው ሰዉን ሁሉ አስፈራ።

«ሠርጉን ውጭ ተነጋገሩበት» አሉ ቄሱ። «ልጁ ግን ክርስትና አባት ይፈልጋል፤ እኔም ቀብር አለብኝ። ማን ያንሳው?»

ዘመዶቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ጁምበርን ወደ ፊት አወጡት። ጁምበር ጥብሱን እያሰበ ልጁን አነሳ።

ማክቫላ ውጭ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ክዳን ሥር ቆማ አባቷን ጠበቀችው። ልጄ አይደለሽም፣ ትብሊሲም ቀረ እንደሚላት እርግጠኛ ነበረች። ቫርላም ወጥቶ ኮፍያውን በእጁ ሲያዟዙር ቆየ።

«የእህቴን ማግባት የሰማሁት ከአውቶቡስ ሹፌር ነው» አለ በመጨረሻ። «ይኸው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ነው። ባሏን አይቼው ቢሆን እወደው ነበር ይሆናል። አንቺ ቢያንስ እኔ ባለሁበት፣ እግዜር እየሰማ ተናገርሽ። ፈተናሽን ሂጂ። የቀረውን ስትመለሺ እንነጋገራለን፤ ቀላል ወሬ ይሆናል ብለሽ ግን ተስፋ አታድርጊ።»

እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከላት። «ለእኔ ተዪው» አለ። «ወንድምሽን እይው።»

ጎቻ ዝናቡ ላይ ነበር። እሷ ስትፈራ የከረመችው አባቷን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ጎቻ ልብ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም። ያ ከዝናቡ ይልቅ አበረዳት።

ሰኞ ማክቫላና ኦቲያ ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ጎቻ ቀድሟቸው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። መጣ ብላ ልቧ ዘለለ። እስከ ትብሊሲ ግን አንድ ቃል አላናገራቸውም። መንገድ ላይ ጣፋጭ ዳቦ የሚሸጥበት ቦታ ቆመው ለራሱ ብቻ ገዛና ለብቻው በላ። ኦቲያ ሁለት ጊዜ ጠራው፤ ጎቻ ግን ሁለቱንም ጊዜ ለሹፌሩ ስለ ዝናቡ አወራለት።

የኮሌጁ ኮሪደር ጉሮሮ በሚያሟሽ ወጣት ተሞልቷል። ማክቫላ እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። በመጨረሻ ወንድሟ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ጎቻ፣ ስደበኝ እንጂ።»

«ልጄን ለጁምበር ሰጠሁት» አለ ጎቻ ግድግዳውን እያየ። «ለጁምበር። ስሙን እንኳ ሁለቴ ጠይቆኛል።»

ሳቋ መጣ፤ ፊቱን ስታይ ሞተ።

«ብትነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ» አለ። «አባዬ ጋ እኔ ራሴ እገባላችሁ ነበር። አማች መቼም ከየትም ይመጣል ማኮ። አበልጅ ግን እኔ አንድ ሰው ብቻ ነበር የፈለግሁት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ለአማች አበልጅነት አይፈቀድምና አሁን በሌላ ልጅም አይሆንም፤ እኔም የእሱን አላነሳም፣ እሱም የእኔን። ወንድሜን አበልጄ ላደርገው ስል አማቼ አደረግሽብኝ።»

ይቅር በለኝ ማለት ለዚህ ቃል ያንሳል። የእሷ ደስታ ከእሱ ላይ የተቆረሰ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀችው።

«ትዘፍናለህ?» አለች።

«አላውቅም። አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም።»

ስሟ ተጠራ።

ዳኞቹ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። ሽበታም ሴትዮ፣ «በሉ ልጆች» አለች። ሦስቱ ተጠጋጉ። ኦቲያ ማክቫላን አየ፤ ጎቻ ግን መስኮቱን። ዳኛዋ ይህን አይታ ከጎኗ ላለው ሰው አንድ ነገር ሹክ አለች።

መሪ ብቻዋን ነው የምትጀምረው። ማክቫላ ጀመረች። ከሥሯ የኦቲያ ድምፅ መጣ፤ ዛሬ አልረጋም ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ግን አልወደቀችም። ቀጭኑ ድምፅ የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ጎቻ ከንፈሩን ነክሶ መስኮቱን ያያል። ቦታው ባዶውን አለፈ።

መሪ አንድ ጊዜ መመለስ ትችላለች፤ ያ የመሪ መብት ነው። ሁለተኛ ግን የለም። ማክቫላ ወደ መነሻው መለሰችው። ፊቷንም ከኦቲያ አነሳችና ወደ ወንድሟ አዞረች። በዚያ ክብ ውስጥ ከኦቲያ ሌላ ሰው ለማየት ብላ ስትዞር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አልለመነችውም፤ ቦታው የእሱ መሆኑን ብቻ እያሳየችው ዘፈነች። ቦታው እየቀረበ መጣ።

ጎቻ ከመስኮቱ ዞረ። ያየው ግን እሷን አልነበረም፤ ኦቲያን ነበር፣ ዓይን ለዓይን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አፉን ከፈተ። ድምፁ ዘግይቶ ገባ፤ ሻካራ፣ የተቆጣ፣ ልቅሶ ያለበት፤ በረንዳው ላይ ከተለማመዱት ሁሉ ከፍ ብሎ ወጣ። ኦቲያም ከሥር ተቀበለው። ሁለቱ ወንዶች እንባቸው እየወረደ፣ አንዱ የአንዱን አፍ እያየ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ደግሞም ተጣሉ።

ማክቫላ ዳኞቹ እየጻፉ ይሁን እየሳቁ አላየችም። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ የማንንም አፍ ማየት አልቻለችም። ሁለቱ የት እንዳሉ ግን ታውቅ ነበርና መሐላቸው ቆማ መዝፈኗን ቀጠለች።